ለኦፕሬቲንግ ሲስተም መሠረት የትኛው ማይክሮከርነል ይሻላል?

ቀሃ_ኮድ · ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት አመሻችሁ።

ጎንደር ነን፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረስን ጓደኛሞች። ለጤና ጣቢያ የሚሆን አንድ ትንሽ መሣሪያ እየሠራን ነው። የክትባት ፍሪጅ ሙቀት ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካለው ክልል ከወጣ ይጮኻል፣ ኔትወርክ ካለ ደግሞ ሪፖርት ይልካል። ስክሪኑ በአማርኛ ነው።

አሁን ሊኑክስ ላይ ነው ያለው። ይሠራል፣ አልዋሽም። ግን የዋይፋይ ድራይቨሩ (ዋይፋዩን የሚነዳው ኮድ) ሲያብድ ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ ይዞት ይወድቃል፣ ያኔ መለኪያውም ደወሉም አብረው ዝም ይላሉ። ሙቀት መለካትን ከዋይፋይ ጋር ምን አገናኘው? ወደ ማይክሮከርነል፣ ድራይቨሩን ከውጭ ወደሚያስቀምጠው ትንሽ ከርነል፣ ያመጣን ይኼ ነው።

ኤስኢኤል4፣ ሚኒክስ 3፣ የድሬስደኑ ፊያስኮ፣ ጄኖድ፣ የጉግሉ ዚርኮን፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈው ሬዶክስ፣ ሁሉንም ላይ ላዩን አይተናል። ከመሃላችን አንዱ "ለምን የራሳችንን አንጽፍም" ብሎ ድርቅ ብሏል፣ እሱም እዚህ ስላለ ራሱ ይናገር። ክፍት ኮድ መሆን አለበት። ሰው ተቀምጦ አንብቦ የሚጨርሰው መሆን አለበት። በሌሊት ፓኬጅ ወርዶ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

የትኛውን እንያዝ?


ፒያሳ_ሊኑክስ · ማክሰኞ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ሊኑክስ ምን በደላችሁ? ዋይፋዩ ካስቸገረ ሌላ ዋይፋይ ግዙ። ዋችዶግ ታይመሩን አብሩት፣ ሲደርቅ ራሱ ተነስቶ ይቀጥላል። ዋናውን ፋይል ሲስተም የማይጻፍበት አድርጉት። በቃ። ለአንድ ፍሪጅ ተብሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሠራል እንዴ?

ደግሞ ይኼ ክርክር ከኛ በፊት ተበልቶ ያለቀ ነው። በጥር 1992 የሚኒክስ ደራሲ ፕሮፌሰር ታነንባም ሊኑክስ ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ጻፉ፣ ምክንያታቸው ሁሉንም በአንድ ከርነል ስላጨቀ ነው። የሊኑክስ ደራሲ ሊነስ ቶርቫልድስ ያኔ ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ነበር። ዛሬ አንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ ያለው የማን ከርነል ነው? ግኑ ኸርድን ደግሞ እዩት። ከ1990 ጀምሮ ማይክሮከርነል ላይ ሲገነባ ነው የኖረው፣ እስከ ዛሬ የዕለት ሥራውን በሱ የሚሠራ ሰው በዓይኔ አላየሁም። ማይክሮከርነል ሰሌዳ ላይ ሲስሉት ነው የሚያምረው።


ሎዛ_ዴቭ · ማክሰኞ ማታ 3:30

ፒያሳ፣ ስልክ ካነሳህ አይቀር ልጨምርልህ። አይፎን ውስጥ የይለፍ ቃልና የጣት አሻራ የሚጠብቅ ለብቻው የተቀመጠ ፕሮሰሰር አለ፣ የሚነዳው አፕል ከኤል4 ማይክሮከርነል አስተካክሎ በሠራው ሲስተም ነው። ኦኬኤል4 የሚባለው የዚያው ዘር ደግሞ እስከ 2012 ድረስ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ መሣሪያ ውስጥ ገብቷል፣ በተለይ የስልክ ሞደም ውስጥ። የታነንባም ሚኒክስም ቢሆን በ2017 የኢንቴል ቺፕ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተገኝቷል፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው የት እንዳስገቡት አያውቁም ነበር። ማይክሮከርነል አልጠፋም፣ ስለማይታይ ነው።

አንተ በአንድ ቆጣሪ የሚኖር የኪራይ ግቢ ውስጥ ኖረህ አታውቅም መሰለኝ። አንዷ ምጣድ ትሰካለች፣ ሌላዋ ምድጃ ትጨምራለች፣ ድርግም! አምፖል ብቻ ያበራውም ተማሪ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሞኖሊቲክ ከርነል ማለት ይኼ ነው። ድራይቨሩ፣ ፋይል ሲስተሙ፣ የኔትወርክ ኮዱ ሁሉም ከከርነሉ እኩል ሥልጣን ይዘው አንድ ሚሞሪ ውስጥ ይኖራሉ፣ አንዱ ሲሳሳት የሁሉም ይጠፋል። ማይክሮከርነል ለየቤቱ ብሬከር ያስገባል። ድራይቨሩ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ተራ ፕሮሰስ ይሆናል፣ ከወደቀ እሱ ብቻ ይወድቃል።

ከርነል ውስጥ በብዛት የሚሳሳተው ማን እንደሆነም ተጠንቷል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት የሊኑክስ ድራይቨሮች የስህተት መጠን ከሌላው የከርነሉ ክፍል ከ3 እስከ 7 እጥፍ ይደርሳል። በሐምሌ 2024 ደግሞ አንድ የደህንነት ሶፍትዌር ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚሮጥ ድራይቨር ስለነበረው በአንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተር ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ቀረ። አየር መንገድ ቆመ፣ ሆስፒታል ቆመ። "ተበልቶ ያለቀ" አይደለም ክርክሩ።


ቸቸላ_ኔት · ማክሰኞ ማታ 3:41

ምጣዷን ምን አድርጉ ነው የምትሉን፣ እንጀራ እንዳንበላ ነው?


ባህር_ማዶ · ማክሰኞ ማታ 4:10

እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፣ መኪና ውስጥ የሚገቡ ሲስተሞች ላይ ነው የምሠራው፣ የእኛ ቤት ኪውኤንኤክስ ነው። እሱም ማይክሮከርነል ነው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ግን የንግድ ስለሆነ ለናንተ አይሆንም፣ እንለፈው።

የማይክሮከርነልን ስም ያጠፋው ማክ ነው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1985 የጀመረው ማለቴ ነው፣ የአፕሉ ኮምፒውተር አይደለም (ምንም እንኳ የአፕሉ ማክ ከርነል ውስጥ ያኛው ማክ ቢኖርም፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው)። ሞኖሊቲክ ላይ ፋይል ለማንበብ ወደ ከርነል አንዴ ገብተህ ትወጣለህ። ማይክሮከርነል ላይ ለፋይል ሰርቨሩ መልእክት ትልካለህ፣ ሰርቨሩ ለዲስክ ድራይቨሩ ይልካል፣ መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። መንገዱ ስለበዛ መልእክት መላኪያው፣ አይፒሲ የሚሉት፣ በጣም ፈጣን ካልሆነ ሁሉም ነገር ይጎተታል። ማክ ላይ ተጎተተ። በየመልእክቱ መብት ይፈትሻል፣ ወረፋ ያስይዛል፣ ይገለብጣል፣ ኮዱም ትልቅ ስለሆነ የፕሮሰሰሩን ካሽ (ፈጣኗን ትንሽ ሚሞሪ) እየጠረገ ነው የሚያልፈው።

ብዙ ሰው "እንግዲያው ሐሳቡ ራሱ አይሠራም" ብሎ ሄደ። ዮኸን ሊድትከ የሚባል ጀርመናዊ ግን አልሄደም። በ1993 ባወጣው ጽሑፍ 50 ሜጋኸርዝ 486 ፕሮሰሰር ላይ አጭር መልእክት ለመላክ ማክ ወደ 115 ማይክሮሰከንድ ሲፈጅ የሱ ከርነል ወደ 5 እንደሚፈጅ አሳየ። ምሥጢሩ አስማት አይደለም። አጭር መልእክት በሚሞሪ ሳይሆን በሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ማስቀመጫዎች) ይሄዳል፣ ተቀባዩ እየጠበቀ ከሆነ ሼጁለሩ (ተራ አከፋፋዩ) ሳይጠየቅ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ለሱ ይሰጣል፣ ከርነሉ ራሱ ደግሞ ካሽ ውስጥ ገብቶ ቦታ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ኤል4 የሚባለውም ከርነል ከሱ ነው የመጣው፣ ኤስኢኤል4ና ፊያስኮ የዚያ ልጆች ናቸው። ሕጉም ከሱ ነው የመጣው፦ አንድ ነገር ከርነል ውስጥ የሚቀመጠው ውጭ ቢወጣ ሲስተሙ የሚፈለግበትን መሥራት የማይችል ከሆነ ብቻ ነው።

በ1997 ድሬስደን ያሉት ሊኑክስን ራሱን እንዳለ ኤል4 ላይ እንደ ተራ ፕሮግራም አስቀምጠው ለኩት። ከራቁቱ ሊኑክስ ጋር ሲተያይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው የቀነሰው።


ፒያሳ_ሊኑክስ · ማክሰኞ ማታ 4:18

10 በመቶም እኮ 10 በመቶ ነው።


ሎዛ_ዴቭ · ማክሰኞ ማታ 4:20

በደቂቃ አንዴ ቴርሞሜትር ለሚያነብ መሣሪያ? ኧረ በማርያም።


ማራኪ_64 · ረቡዕ ጠዋት 1:15

"ድርቅ ያለው" እኔ ነኝ። ምክንያት አለኝ። ሁላችሁም የምትጠሩት ከርነል ጥቂት ሺህ መስመር ነው። ሚሞሪ ከፋፍል፣ ትሬድ አስኪድ፣ መልእክት አስተላልፍ፣ ኢንተራፕትን (የመሣሪያውን ጥሪ) ወደ ድራይቨሩ ምራ፣ አለቀ። በረስት ብጽፈው ግማሹ የሚሞሪ ስህተት ሳይጀመር ይቀራል። የሰው ከርነል ይዘን ከምንለምን የራሳችንን እያወቅነው ብናሳድገው ምናለ? ሬዶክስም በ2015 የተጀመረው እንዲህ ተብሎ ነው።


ባህር_ማዶ · ረቡዕ ጠዋት 2:50

ማራኪ፣ ለመማር ከሆነ ዛሬውኑ ጀምር፣ ከዚያ የተሻለ ትምህርት የለም። ጤና ጣቢያ ለሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኤስኢኤል4ን ውሰድ። በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ ኒክታ የሚባለው የምርምር ተቋም ጨረሰው ሲባል ከርነሉ 8,700 መስመር ገደማ ሲ ነበር። ኮዱ ከተጻፈለት መግለጫ ጋር አንድ መሆኑን በሒሳብ ለማረጋገጥ የተጻፈው ማረጋገጫ ግን ወደ 200,000 መስመር ነው። ልዩነቱን አየኸው? ኮዱን መጻፍ ሳይሆን ትክክል መሆኑን ማወቅ ነው ሥራው። ረስት የተለቀቀ ሚሞሪ መንካትን ይከለክልልሃል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የገጽ ሰንጠረዡን (ማን የትኛውን ሚሞሪ እንደሚነካ የሚወስነውን) በተሳሳተ መብት ከሞላኸው ረስት ምንም አይልህም።

ደግሞ ከርነሉ ተነስቶ "ሰላም ዓለም" ካለ በኋላ ነው ጣጣው የሚመጣው። ኤስዲ ካርድ ድራይቨር የት አለ? ስክሪን? የኔትወርኩ ቲሲፒ? ከርነል የምትመርጡ ይመስላችኋል እንጂ የምትመርጡት ድራይቨርና ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጡት፦ በእጃችሁ ያለው ወይም የምታገኙት ሰሌዳ የትኛው ነው፣ ለሱ የተጻፈ ድራይቨር ያለው የትኛው ከርነል ላይ ነው?


አዘዞ_ጡረተኛ · ረቡዕ ከሰዓት 9:20

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል፣ እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ስለሆንኩ ከታች በኩል ልግባ።

ድራይቨሩን ከከርነል አውጥተን ተራ ፕሮሰስ አደረግነው፣ ስለዚህ የሌላውን ሚሞሪ አይነካም ትላላችሁ። ፕሮሰሰሩ በኩል አይነካም፣ እውነት ነው። ግን ብዙ መሣሪያ ሚሞሪን የሚነካው በፕሮሰሰሩ በኩል አይደለም፣ ዲኤምኤ አለው፣ በቀጥታ ይጽፋል። ድራይቨሩ የተሳሳተ አድራሻ ከሰጠው መሣሪያው ከርነሉ ላይም ቢሆን ይጽፋል፣ የገጽ ሰንጠረዥ አያግደውም። ይህን የሚያግደው አይኦኤምኤምዩ የሚባለው ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ርካሽ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የለም ወይም ለሁሉም መሣሪያ አይሠራም። የኤስኢኤል4 ማረጋገጫም ዲኤምኤ ጠፍቷል ወይም የታመነ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ይህን ሳትፈትሹ "በሒሳብ የተረጋገጠ" የሚል ወረቀት ሳጥኑ ላይ እንዳትለጥፉ።

ሁለተኛ፣ "ከወደቀ እናስነሳዋለን" የሚለው። ሚኒክስ 3 ይህን በደንብ ሠርቶታል፣ ድራይቨሮቹን የሚጠብቅና የሞተውን የሚያስነሳ ሰርቨር አለው። የኔትወርክ ድራይቨር ሞቶ ቢነሳ ቲሲፒ የጠፋውን መልሶ ስለሚልክ ተጠቃሚው አያውቅም። የዲስክ ድራይቨርም ያላለቀውን ትእዛዝ መድገም ይቻላል። ፋይል ሰርቨሩ ራሱ ሲሞት ግን በሆዱ የያዘው አብሮት ይሄዳል። የቱ ክፍል ያለ ችግር ይነሳል፣ የቱ ማስታወሻ ይፈልጋል የሚለውን ከርነሉ አይወስንላችሁም።

ምክሬ፣ ዋይፋዩን ከሰሌዳው አውጡት። ርካሽ የዋይፋይ ሞጁል አለ፣ ኢኤስፒ32 ዓይነት፣ በሲሪያል ሽቦ ትእዛዝ ትልኩለታላችሁ። የራሱ ፕሮሰሰር ስላለው የናንተን ሚሞሪ የሚያይበት መንገድ የለም። ቢያብድ ኤሌክትሪኩን ቆርጣችሁ ትመልሱለታላችሁ።


ፒያሳ_ሊኑክስ · ረቡዕ ከሰዓት 9:45

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ጥያቄው አለቀ ማለት ነው! የሚያስቸግረው ዋይፋይ ከወጣ ሊኑክሱም አይወድቅም። ወይም ጭራሽ ፍሪአርቶስ ወይም ዘፊር የሚባሉትን ትንንሽ ሲስተሞች ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ላይ አድርጉ። ማይክሮከርነሉ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?


ሎዛ_ዴቭ · ረቡዕ ማታ 1:10

መሣሪያው ቴርሞሜትርና ደወል ብቻ ቢሆን አዎ፣ እኔም ዘፊር ነበር የምለው። ግን ስክሪን አለ፣ የአማርኛ ጽሑፍ አለ፣ የመዝገብ ፋይል አለ፣ ኢንክሪፕት የሚደረግ ሪፖርት አለ፣ ነገ ደግሞ ጤና ጣቢያው ሌላ ነገር ጨምሩበት ይላል። የሚጨመረው ነገር ሁሉ ደወሉን የመግደል ዕድል ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የምፈልገው ደወሉ ከሌላው ጋር ሳይነካካ እንዲኖር ነው። ዋይፋዩ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

አማርኛን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፣ ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ብወጣም። የሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶል ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው፣ አንድ ፎንት ቢበዛ 512 ምስል ነው የሚይዘው፣ ከድሮው ቪጂኤ የተወረሰ ገደብ ነው። ግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ ዋናው ክፍል ብቻ 345 ምልክት ይዞ ነው። ላቲኑንና ምልክቶቹን ስትጨምርበት መፈናፈኛ የለህም፣ የተጨማሪ ፊደላቱን ክፍል ማስገባትማ አይታሰብም። ተርሚናሉ ተራ ፕሮሰስ ቢሆን እንዲህ ያለ ገደብ ምን ይሠራል? ፊደላችን ደግሞ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፣ እንደ ዐረብኛ ፊደል ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ ቅርጹ አይቀየርም። ፎንቱን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚጥል ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

በእርግጥ ሊኑክስ ላይም ግራፊክስ ከፍተህ ከኮንሶሉ መሸሽ ትችላለህ፣ ፒያሳ ከማለቱ በፊት እኔው ልበለው።


ቀሃ_ኮድ · ረቡዕ ማታ 2:00

ጋሼ በጣም እናመሰግናለን፣ ዲኤምኤውን ጭራሽ አላሰብነውም ነበር። ስክሪኑም የራሱ ቺፕ ያለው በኤስፒአይ ሽቦ የሚገናኝ ትንሽዬ ነው፣ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

ባህር ማዶ፣ ሰሌዳ ላልከው፣ በእጃችን ያለው ራስበሪ ፓይ 4 ነው። ሌላ ለማስመጣት ሰው ከአዲስ አበባ መጠበቅ ነው። እስቲ ከዘረዘርናቸው የትኛውን ጥለህ የትኛውን ታስቀራለህ?


ባህር_ማዶ · ረቡዕ ማታ 3:35

ሚኒክስ 3ን ለማንበብ ያዙት፣ ኮዱ ለመማር ተብሎ ስለተጻፈ እንደሱ የሚገባ የለም። መሠረት አታድርጉት። የመጨረሻው ሙሉ ልቀት 3.3.0 ነው፣ በ2014፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው ሰው እየጠፋ ሄዷል። ስትቸገሩ የሚመልስላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ዚርኮን ጥሩ ከርነል ነው፣ ጉግል ከ2021 ጀምሮ የቤት ስክሪኖቹ ላይ አስገብቶታል። ግን "ማይክሮ" የሚለው ስም ትንሽ ይከብደዋል፣ ከ100 በላይ ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት በር) አለው። ዋናው ችግር እሱ ሳይሆን በሱ ላይ የቆመውን ሲስተም፣ ፉሺያን፣ አውርዶ ለመገንባት የሚጠይቀው ዳታና ዲስክ ነው። የሌሊት ፓኬጃችሁ ያለቅሳል። ኸርድን ፒያሳ ጨርሶታል። ሬዶክስ የፒሲ ሰው ነው፣ ለናንተ ሰሌዳ አይቸኩልም።

ጄኖድን ግን ቆም ብላችሁ እዩት። ከርነል አይደለም፣ ከከርነል በላይ ያለው ሁሉ ነው፣ ድራይቨሩ፣ የስክሪን ሰርቨሩ፣ ፋይል ሲስተሙ። ኤስኢኤል4ም ይሁን ኖቫ ወይም ፊያስኮ፣ ከሥር ያለውን ከርነል ብትቀይሩ የላዩ ፕሮግራም ያው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ወላጅ አለው፣ ወላጁ የሰጠውን ሚሞሪና መብት ብቻ ነው የሚይዘው። ፈቃዱ ኤጂፒኤል 3 ነው፣ ነገ ኮዳችሁን ዘግታችሁ ልትሸጡ ከሆነ አስቡበት። ደግሞ ሲ++ ነው፣ ብዙ ነው፣ ለመልመድ ጊዜ ይበላል። ዴስክቶፕ የሚመስል ሲስተም ብትሠሩ ኖሮ ሳላመነታ እሱን ነበር የምላችሁ። ፊያስኮንም አልንቅም፣ ድሬስደኖቹ አሁንም ይሠሩበታል፣ ግን ሰነዱን ስታነቡ ጎረቤታቸው መሆን የሚያስፈልግ ይመስላል።

ለናንተ ኤስኢኤል4ን ነው የማስቀረው። ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፣ ከርነሉ ጂፒኤል 2 ነው፣ ላዩ ላይ የምትጽፉት ግን የፈለጋችሁትን ፈቃድ ይይዛል። ፓይ 4 ላይ ይነሳል። ከሱ ጋር የሚመጣው ማይክሮኪት ደግሞ እንደናንተ ላለ ነገር የተሠራ ነው። ጋሼ እንዳሉት "የተረጋገጠ" የሚለው ቃል በሁሉም ፕሮሰሰርና በሁሉም ውቅር ላይ እኩል አይሠራም፣ ብዙ ኮር ያለው ውቅር አልተረጋገጠም። አንድ ኮር ይበቃችኋል።


ማራኪ_64 · ረቡዕ ማታ 3:50

ማይክሮኪት ምን ይጨምራል? ጥሬ ኤስኢኤል4 ማንዋል ከፍቼ ካፓቢሊቲ፣ ሲኖድ፣ አንታይፕድ ሲል ራሴን ይዤ ነው የዘጋሁት።


ሎዛ_ዴቭ · ረቡዕ ማታ 4:30

ያን ራስ ምታት ነው የሚወስድልህ። ካፓቢሊቲ ማለት በአጭሩ ፕሮሰሱ በእጁ የያዘው የመብት ማስረጃ ነው። ለዚህ ሚሞሪ፣ ለዚህ ኢንተራፕት፣ ለዚያ ሰርቨር የሚያገለግል ከሌለህ ከርነሉ "አይቻልም" እንኳ አይልህም፣ ነገሩ መኖሩን የምትጠራበት ስም የለህም። ሊኑክስ ላይ ሩት የሆነ ፕሮሰስ ሁሉንም ይችላል፣ እዚህ ሩት የሚባል የለም።

ማይክሮኪት ላይ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ትጽፋለህ። እነዚህ የተከለሉ ክፍሎች አሉ፣ ይኼኛው ይህን የሚሞሪ ክልል ማንበብ ይችላል መጻፍ አይችልም፣ ይኼኛው ይህን ኢንተራፕት ይቀበላል፣ እነዚህ ሁለቱ በዚህ ቻናል ይገናኛሉ፣ የዚህ ቅድሚያ ይህን ያህል ነው። መሣሪያው ካፓቢሊቲውን ሁሉ አከፋፍሎ አንድ ምስል ያወጣልሃል። አንተ የምትጽፈው ሁለት ሦስት ፈንክሽን ነው፦ ሲነሳ የሚጠራው፣ ማሳወቂያ ሲመጣ የሚጠራው፣ ሌላ ክፍል አገልግሎት ሲጠይቅ የሚጠራው። ሁሉም ቀድሞ ስለተወሰነ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ አዲስ ክፍል መፍጠር አትችልም። ለላፕቶፕ ይኼ እስር ቤት ነው። ለፍሪጅ መጠበቂያ ግን ማን ማንን እንደሚነካ አንድ ገጽ ላይ አንብበህ ትጨርሳለህ።

ብዙ ዳታ በመልእክት አትላክ። በጋራ ሚሞሪ ላይ ወረፋ ሥራ፣ መልእክቱ "መጥቷል እይ" ለማለት ብቻ ይሁን።


ፒያሳ_ሊኑክስ · ሐሙስ ጠዋት 2:20

እሺ፣ ከኤስኢኤል4 ጋር መኖር ካለብኝ እንዲህ አድርጉት። ስክሪኑን፣ ፋይሉን፣ ኔትወርኩን ከዜሮ አትጻፉ፣ ዓመት ይበላችኋል። ኤስኢኤል4 ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር) ማስነሳት ይችላል፣ ፓይ 4 ፕሮሰሰሩ ይደግፈዋል። አሁን የሚሠራላችሁን ሊኑክስ እንዳለ እዚያ ውስጥ አስገቡት። ሙቀት ማንበቢያውና ደወሉ ብቻ ውጭ ይሁኑ፣ ከፍ ባለ ቅድሚያ። ሊኑክሱ ሲያብድ ቨርቹዋል ማሽኑን እንደገና ታስነሱታላችሁ፣ ደወሉ ምንም አይሰማውም። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰርጎ ገቦቹን ካሜራ የሚያስኬደው ሊኑክስ ውስጥ አስገብተው ስበሩ አሏቸው፣ ከዚያ መውጣት አልቻሉም።

ሊኑክስን አልለቀቅኩም፣ ልብ አድርጉ። ክፍል አከራየሁት እንጂ።


አዘዞ_ጡረተኛ · ሐሙስ ጠዋት 3:40

ይኼ መልካም ሐሳብ ነው፣ ግን ከላይ ያልኩትን አትርሱ። ዲኤምኤ ያለውን መሣሪያ በቀጥታ ለሊኑክሱ ከሰጣችሁት፣ አይኦኤምኤምዩ ከሌለ ሊኑክሱ በመሣሪያው በኩል ከቨርቹዋል ማሽኑ ውጭ መጻፍ ይችላል። ዋይፋዩ በሲሪያል ከወጣ፣ ስክሪኑም በኤስፒአይ ከሆነና ያለ ዲኤምኤ ከነዳችሁት፣ የሚቀረው ኤስዲ ካርዱ ነው። እሱን ለሊኑክሱ አትስጡ። የራሱ ትንሽ ድራይቨር ይኑረው፣ ዲኤምኤውን አጥፍታችሁ ፕሮሰሰሩ ራሱ ባይቱን እየቀዳ ይጻፍ። ይዘገያል፣ በደቂቃ አንድ መስመር ለሚጽፍ ግን ምን ያደርጋል።

መብራት ሲሄድ ካርዱ መሃል ላይ እየጻፈ ከሆነ የትኛውም ከርነል አያድናችሁም። መዝገቡን ከኋላው እየጨመራችሁ ብቻ ጻፉ፣ የተጻፈውን አትንኩ፣ ለእያንዳንዱ መስመር ማረጋገጫ ቁጥር ስጡት፣ ሲነሳ የተቆረጠውን የመጨረሻ መስመር ጥሎ ይቀጥል። ሱፐርካፓሲተር ብትጨምሩ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ጽሑፉን ለመጨረስ የሚበቃ ሰከንድ ታገኛላችሁ።


ቀሃ_ኮድ · ሐሙስ ማታ 1:30

ተሰብስበን ተነጋገርንበት። ኤስኢኤል4 ከነማይክሮኪቱ። መጀመሪያ ሰሌዳ በሚያስመስለው ኪውኢሙ ፕሮግራም ላይ፣ ሰሌዳውን ሳንነካ። ሙቀት ማንበቢያው፣ ደወሉና መዝገቡ የየራሳቸው ክፍል ይኖራቸዋል፣ ስክሪንና ሪፖርት ለጊዜው ፒያሳ ባለው መንገድ ሊኑክስ ውስጥ ይቆያሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እናወጣቸዋለን። ማራኪ የራሱን ከርነል በትርፍ ሰዓቱ ይጽፋል፣ አልከለከልነውም።

አንድ ያልተስማማንበት አለ። ደወሉን የሚነዳው ክፍል ከሙቀት ማንበቢያው ተለይቶ ይሁን ወይስ አንድ ላይ? ሎዛ ለየው ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ሁለቱ ያለ አንዳቸው ዋጋ የላቸውም ባይ ነኝ።


ሎዛ_ዴቭ · ሐሙስ ማታ 1:42

ለየው። ማንበቢያው ዝም ካለ ደወሉ "ንባብ ቀርቷል" ብሎ መጮህ አለበት። አንድ ላይ ከሆኑ ሲሞቱ ማን ይጮኻል?


አዘዞ_ጡረተኛ · ሐሙስ ማታ 1:55

ልጅቷ ልክ ናት። ደወሉ የራሱ ታይመር ይኑረው፣ ከማንበቢያው ማሳወቂያ በጊዜው ካልመጣ ይጩህ።


ቸቸላ_ኔት · ሐሙስ ማታ 2:03

ሌሊት ከጮኸ የጤና ጣቢያው ጥበቃ ሽቦውን እንዳይነቅለው ማጥፊያ ቁልፍ አድርጉለት፣ ከምሬ ነው።